ዜሮ ሲደወል

እናቴ ዜሮ ነበረች። ስድብ አይደለም፣ ቁጥሯ ነው። የምትሠራበት ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ማዞሪያው ቁጥር ዜሮ ነበር፤ ከውጭ የሚደውልም ከውስጥ የሚጠይቅም መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ሐኪሙም፣ ነርሷም፣ ዘበኛውም «እትዬ ዜሮ» ይሏታል። እውነተኛ ስሟን የሚያውቁት አባቴና አያቴ ብቻ ይመስሉኝ ነበር። እኔንማ ማን ይምረኛል፣ «ከዜሮ በታች» ነበር የሚሉኝ።

ስምንት ዓመቴ ነው። ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ቤት ሰው ስለማይኖር በቀጥታ እሷ ክፍል እገባለሁ። ከመግቢያው አዳራሽ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ማዞሪያው ጠረጴዛውን፣ ጠረጴዛው ክፍሉን ሞልቶታል። ትርፍ ወንበሩ ላይ እግሬን አንጠልጥዬ የቤት ሥራዬን የምሠራ እመስላለሁ እንጂ ጆሮዬ እሷ ጋ ነው። ሰው ይጮህባታል፣ ያለቅስባታል፣ አንዳንዱም ለማን እንደደወለ ይጠፋዋል። እሷ አትቸኩልም። «ሆስፒታል ነው፤ ማንን ላገናኝዎት?» ትላለች። ወዲያው ማገናኘት ካልቻለች ደግሞ «ይጠብቁኝ፣ ከእርስዎ ጋር ነኝ» ትላለች። እኔ ይቺን ስሰማ ሰው ግማሹን ሕመሙን እዚያው ስልኩ ላይ ጥሎት የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አፈኛ ነበርኩ፤ ዛሬም ያው ነኝ። ከእንቅልፌ ስነሳ የጀመርኩት ወሬ እንቅልፍ ሲወስደኝ ነው የሚቋረጠው። በዚያ የሚያልፉ ነርሶች በበሩ ብቅ ብለው «እትዬ ዜሮ፣ ልጅ ነው የወለድሽው ሬዲዮ?» ይሏታል። እናቴ «ሬዲዮማ መዝጊያ አለው» ትላቸዋለች።

እናቴ ሰውን ከሰው ስታገናኝ፣ አባቴ የሚያገናኘው ማሽንን ከማሽን ነበር። የኔትወርክ ባለሙያ ነው። ኪሱ የኬብል ቁራጭ አያጣም፤ ልብሱ በታጠበ ቁጥር ከባልዲው ሥር የሆነች ፕላስቲክ ነገር ትወጣለች። በዚያ ዓመት ሆስፒታሉ ስልኩን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ስልክ ሊቀይር ወሰነና ሥራውን ለአባቴ ሰጠው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለኔ ስልክ ስልክ ነው፣ ኮምፒውተርም ኮምፒውተር። ሁለቱ ተጋብተው አንድ ቤት ይኖራሉ ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ እጄን ይዞ ከእናቴ ክፍል ጎን ወዳለው የዕቃ ክፍል አስገባኝ። መብራት አላበራም። ቁም ሣጥን የሚያህል ጥቁር ብረት ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። በሩን ከፈተው። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ መብራት ነው፤ ይጠቅሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይጠቅሳል። ሰማያዊ ገመዶች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። ከውስጡም እስትንፋስ የሚመስል ሞቅ ያለ አየር ፊቴን ነካኝ። ማራገቢያው ነበር፤ እኔ ግን ይተነፍሳል ብዬ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ።

«ነይ፣ አይነክስም» አለ አባቴ።

ያን ዕለት የነገረኝን ዛሬም ድረስ አልረሳሁትም። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰኩበት ጠፍጣፋው ሣጥን ስዊች ይባላል፤ በአንድ ግቢ ያሉትን እርስ በርስ የሚያገናኝ እሱ ነው። ከላዩ ያለው ራውተር ነው፤ ከግቢ ወጥቶ ለሚሄደው መንገድ የሚያሳይ፣ መስቀለኛ ላይ እንደሚቆም ትራፊክ ፖሊስ። እያንዳንዱ ስልክ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አለው። የቤት ቁጥር ማለት ነው፤ የቤት ቁጥር የሌለው ሰው እንግዳም አይመጣለት፣ መልእክትም አይደርሰው። ይህ ሁሉ ተያይዞ ኔትወርክ ይባላል። አንዷ መብራት ቶሎ ቶሎ ስትጠቅስ አየሁና ምን ሆና ነው ብዬ ጠየቅኩት። አንድ ሰው እያወራ ነው አለኝ። የሰውን ወሬ በዓይኔ አየሁ ማለት ነው። ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሰው የሚያህል ድምፅ በዚህ ቀጭን ገመድ እንዴት ነው የሚያልፈው? አባቴ «ተቆራርጦ» አለኝና ቤት ስንገባ በተግባር እንደሚያሳየኝ ቃል ገባ።

ቃሉንም ጠበቀ። እራት ከመድረሱ በፊት ወረቀት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ በመቀስ በየቃሉ ቆራረጠው። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጀርባ ተራ ቁጥርና አድራሻ ጻፈበት፤ አድራሻው «ሳሎን፣ ሶፋው» ነው፣ እናቴ የተቀመጠችበት። እነዚህ ቁራጮች ፓኬት ይባላሉ። አንዷን በኮሪደሩ፣ አንዷን በወጥ ቤቱ በኩል፣ አንዷን ደግሞ በውጭ ዞሬ በመስኮት እንዳስገባ አዘዘኝ። እያለከለክሁ አመላለስኩ። ሁሉም በአንድ መንገድ ይሂዱ ያለ የለም አለኝ፤ እያንዳንዷ ክፍት ባገኘችው መንገድ ትሄዳለች፣ ኋላ የተነሳችው ቀድማ ልትደርስም ትችላለች፣ በቁጥራቸው መደርደር የተቀባዩ ፋንታ ነው።

እናቴ ደረደረቻቸውና በዚያ ሰሞን ሻክሮ በነበረው ድምፅዋ አነበበች፦ «ዛሬ፣ እራት፣ የሚሠራው… ነው።» አንዷ ጎድላለች። እናቴ ቀና ብላ አባቴን አየችው፤ ከዚያ ሳትነሳ እጇን ዘርግታ ከኪሱ አወጣቻት። ቁራጯ ላይ «አባትሽ» ተጽፏል። እኔ በሳቅ ምንጣፉ ላይ ተንከባለልኩ። አባቴም ምን ያድርግ፣ ሽንኩርቱን ሊከትፍ ተነሳ።

እየከተፈ ቀጠለልኝ። ፎቶ ወይም ጽሑፍ ሲላክ የጠፋችው ፓኬት እንደገና ትላካለች። ድምፅ ሲሆን ግን አይደገምም፤ ወሬ ቆሞ አይጠብቅማ። የጠፋው ጠፍቶ የተረፈው ይቀጥላል። የዘገየችውን ግን ተቀባዩ ለቅጽበት ታግሦ ይጠብቃታል። ማሽኖቹ ወሬ ከመጀመራቸው በፊት ሰላምታ እንደሚለዋወጡ፣ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚናገር የሚወስነው ስምምነትም ፕሮቶኮል እንደሚባል ነገረኝ። እናቴ ከሶፋዋ ሆና «ካንቺ ይሻላሉ፣ ሰው አያቋርጡም» አለችኝ። በመጨረሻ አባቴ ቢላውን አስቀምጦ እንዲህ አለ፦ «ስልክ ላይ መልስ ከዘገየብሽ ቶሎ አትዝጊ። ቁራጮቹ መንገድ ላይ ይሆናሉ።» ይህችን እንደ ሕግ ነው የያዝኳት።

የእናቴ ድምፅ ከሻከረ ሰነባብቶ ነበር። ጉንፋን ነው ተባለ፤ አይ፣ ወሬ አብዝታ ነው ተባለ። ሙቅ ውሃ በማር እየጠጣች ትሠራለች። ከውስጥ የሚደውሉት «እትዬ ዜሮ፣ ምን ነካሽ?» ይሏታል፤ እሷም «ምን እባክህ፣ አርጅቼ ነው» ብላ ታልፈዋለች። እኔም አመንኳት። ለኔ ሠላሳ አራት ዓመት ከበቂ በላይ እርጅና ነበር።

አንድ ምሽት የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ከወጥ ቤት የሁለቱን ንግግር ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጠብ አልነበረም፤ ጠብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አባቴ ይለምናታል። «ስጪው በቃ» ይላታል፤ «ድምፅ እኮ ነው።»

«ላንተ ድምፅ ነው» አለችው። «ለኔ እኔ ነኝ።»

ቆይቶ አባቴ ቢያንስ ልቅዳው አላት። እናቴ «ሳልሞት ሐውልት ልታቆምልኝ ነው?» አለችና የሆነ ሳህን አንኳኳች።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። አባቴ ለሆስፒታሉ ሰዎች ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፤ አዲሱ ማሽን ለሚደውል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚመልስ የሰው ድምፅ ያስፈልገዋል። ከእናቴ የተሻለ ድምፅ ደግሞ ከየት ይመጣል? እና አባቴ ለማሽኑ ድምፅሽን ስጪው ይላታል፣ እሷ አልሰጥም ትላለች። እናቴ ሰሰተች ብዬ ከፋኝ። ተቆራርጣ፣ በእያንዳንዷ ቁራጭ ላይ ቁጥር ተጽፎባት፣ በሰማያዊው ገመድ ገብታ በአንድ ጊዜ በሁሉም ስልክ ውስጥ መሆን እየቻለች እምቢ ትላለች? እኔ ብሆን እየሮጥኩ ነበር የምሰጠው።

እውነቱ ይሄ ነው። የጉሮሮ ሐኪሙ እናቴ ማንቁርት ላይ ክፉ ዕጢ አግኝቶባት ነበር። ማንቁርቷ እንዳለ ካልወጣ ዕጢው አይተዋትም፤ ከወጣ ደግሞ ድምፅ የሚባል ነገር ከነጭራሹ የለም። ወይ ድምፅዋ ወይ ነፍሷ ነው። እሷ ቀኑን ትገፋለች፣ ዕጢው ደግሞ ቀን አይጠብቅም። አባቴም ያን ማሽን በዚያ ጥድፊያ ያቆመው ማሽን አፍቅሮ አልነበረም፤ የሷ ጉሮሮ ይረፍ ብሎ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አንድ ላይ አያይዤ የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

በማግስቱ ክፍሏ ውስጥ ስቁነጠነጥ ዋልኩ። ስልኩ ፋታ ሲሰጣት ጠብቄ «እማዬ፣ ለምንድነው የማትሰጪው?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ድምፅሽን። ማታ ሰምቻችኋለሁ፣ ሁሉንም።»

እጇ ማዞሪያው ላይ ቀረ። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር መጥቶ ሄደ፤ ተቆጣችኝ ብዬ ፈራሁ፣ ግን ከጀመርኩ ማቆም አልችልም። «ስጪው እማዬ» አልኳት። «ስጪውና ካሁን በኋላ እኔ አወራልሻለሁ። እኔ እንደሆነ ወሬ አያልቅብኝም።»

እኔ የማወራው ስለ ማሽኑ ነው። እናቴ የሰማችው ግን ሌላ ነበር። ይቺ ልጅ ሁሉን ሰምታ፣ ሁሉን ብቻዋን ተሸክማ አድራ፣ እንዳትሞትብኝ እየለመነችኝ ነው ብላ ነው የሰማችኝ። ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ራሷ ናት በጽሑፍ ያጫወተችኝ። ጊዜው ካለፈ በኋላም አላረምኳትም፤ ምኑን አርማለሁ?

ማዳመጫዋን ከራሷ አወለቀችና እኔ ራስ ላይ ደፋችው። ሰፍቶኝ እስከ አንገቴ ወረደ። ወዲያው የማዞሪያዋ መብራት በራች፣ እናቴም ቁልፏን ተጫነችልኝ። «ሆስፒታል ነው፤ ማንን ላገናኝዎት?» አልኩ፣ አፌን ሞልቼ። የደወሉት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «እትዬ ዜሮ፣ ዛሬ ደግሞ ልጅ ሆነሽ አደርሽ?» አሉኝ። እናቴ በዚያ ሻካራ ድምፅዋ ሳቀች፤ እስኪያስላት ሳቀች፤ እንባዋ ወረደ። በሳቅ ብዛት መሰለኝ። ከዚያ ማዳመጫውን ተቀብላ ሽማግሌውን ወደ ዓይን ክፍል አስተላለፈችና የጉሮሮ ሐኪሙ ቢሮ ደወለች። «እሺ ብያለሁ» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። እኔ ወንበሬ ላይ ዘለልኩ። አሳመንኳት አይደል!

ድምፅዋ የተቀዳው የአንሶላና የብርድ ልብስ መጋዘን ውስጥ ነው። አባቴ ባዶ ግድግዳ ድምፅን እንደሚመልስ፣ ጨርቅ ግን እንደሚውጥ ነገረኝ። ዙሪያችን ከወለል እስከ ጣሪያ ነጭ አንሶላ ነው። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ ላይ ማይክሮፎን ተደቅኗል። እኔ መደርደሪያው ሥር ተወሽቄ አፌን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ትንፍሽ ካልኩ እንደምባረር ተነግሮኛል። በሕይወቴ እንደዚያ ዝም ብዬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው መሃል ላይ ጠፋ። ሙቅ ውሃ ጠጣች፣ ዓይኗን ጨፍና ቆየች፣ እንደገና ጀመረች። አባቴ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳቀረቀረ ቀና አላለም፤ ማሽኑን ፈርቶት መሰለኝ። ጠዋት የገባን ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ገና እዚያው ነበርን። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ያ የድሮ ድምፅዋ ሳይታሰብ መጣ። ጥርት ብሎ፣ ሳይቸኩል።

«እንኳን ደህና መጡ። የክፍሉን ቁጥር የሚያውቁ ከሆነ አሁን ይጫኑ። ካላወቁ ይጠብቁኝ፤ ከእርስዎ ጋር ነኝ።»

ወረቀቱ ላይ የተጻፈላት «እባክዎ ይጠብቁ» ብቻ ነበር። የመጨረሻውን ራሷ ናት የጨመረችው።

አባቴ ጠራኝና ኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ። የእናቴ ድምፅ በስክሪኑ ላይ ተዘርግቷል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ በሩቁ እንደሚታይ የተራራ ሰንሰለት። እዚህ ጋ «እንኳን» ነው፣ እዚህ ጋ ትንፋሿ ነው አለኝ። ትንፋሿን ሳይቀር አየሁት። ከዚያ አንዲት ቁልፍ ተጫነ፣ የእናቴም ድምፅ ከኮምፒውተሩ ወጣ። ዞር ብዬ አፏን አየሁ። አፏ ተዘግቷል። ድምፅዋ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ። እንደዚያ ያለ ነገር ዳግመኛ አላየሁም፤ ጸጉሬ ቆመ። አልቅሼ ነበር መሰለኝ፣ ከደስታ። እናቴ እቅፏ ውስጥ አስገብታ ጸጉሬን ትዳብስ ጀመር።

በማግስቱ ሆስፒታል ተኛች። እኔ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ተተውኩ። እናትሽ ለጊዜው መናገር አትችልም፣ ትንሽ ሲሻላት እንወስድሻለን ተባልኩ። ይህ ምንም አልገረመኝም። ድምፅዋን ሰጥታ የለ? ምንድነው የምትናገርበት?

ቢሆንም ናፈቀችኝ። ልብስ ሰፊዋ ልብስ የሚያሰፋ ሰው ስትቀበል ስልኳን አንስቼ ሆስፒታሉ ደወልኩ። አንዴ ጠርቶ ተነሳ። «እንኳን ደህና መጡ» አለች እናቴ። በእሷ ቦታ የተተካችው ሴት እስክታነሳ ድረስ ያለው ጊዜ የኛ ነበር። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ጥርሴ እንደወለቀ፣ ልብስ ሰፊዋ ስታንኮራፋ የስፌት መኪናዋን እንደምትመስል፣ በሒሳብ አሥር ከአሥር እንዳመጣሁ ነገርኳት። «ከእርስዎ ጋር ነኝ» አለችኝ መሃል ላይ። ያቺ ተተኪ ገብታ «ሃሎ፣ ማንን ላገናኝዎት?» ስትል ተናደድኩ። «እርስዎን አይደለም፣ እናቴን ነው» አልኳት። ልጅ ነው የሚጫወተው ብላ መሰለኝ ስልኩን ክፍት ትታው ወደ ሌላ ደዋይ ሄደች። መስመሩ ጭር አለ።

አልዘጋሁትም። እኔ የማን ልጅ ነኝ? ሌላው ልጅ ቢሆን ሰልችቶት ይዘጋው ነበር። እኔ ግን ወሬዬ ብዙ እንደነበር፣ ብዙ ወሬ ደግሞ ብዙ ቁራጭ እንደሆነ፣ መልሷም እስኪደረደር ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ጠበቅኩ። ጆሮዬ ጋለ። ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩት። አባቴ ሊያየኝ ሲመጣ እዚያው ነበርኩ።

ማንን እንደምጠብቅ ጠየቀኝ። «እማዬን» አልኩት። «መልሷ መንገድ ላይ ነው፣ አትንካው።»

አባቴ ስልኩን ከእጄ ተቀብሎ አዳመጠ። ከዚያ በልብስ ሰፊዋ ወለል ላይ፣ ክርና መርፌው ውስጥ ቁጭ አለ። እዚያው እንደተቀመጠ ነገ እናትሽ ጋ እንሄዳለን አለኝ።

ደረጃውን ስንወጣ ሊያስረዳኝ ሞከረ። እናትሽ ታማ ነበር፣ ጉሮሮዋ ውስጥ የነበረውን መጥፎ ነገር አወጡላት፣ ከእንግዲህ… ከዚህ አላለፈም። እኔ እየሰማሁት አልነበረም፤ ሁሉን የማውቅ መስሎኝ ሁለት ሁለት ደረጃ እዘላለሁ።

በሩ ሲከፈት ቆምኩ። እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። አንገቷ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል፣ ከፋሻው መሃል ቀዳዳ አለ። ስታየኝ እጇን ዘረጋች፤ አፏም ተንቀሳቀሰ፤ ምንም አልወጣም። ትንፋሿ ግን በአንገቷ ቀዳዳ ሲወጣ ሰማሁት። ያን ጊዜ ነው ፍርሃት የያዘኝ። አልጋዋ ጫፍ ድረስ ሄጄ «ሁሉንም ወሰደው?» አልኳት። «ትንሽ እንኳን አላስቀረልሽም?»

እናቴ ወደ አባቴ ተመለከተች። አባቴ ስለ ማሽኑ እንደማወራ ያኔ ገባው መሰለኝ፤ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ከአልጋው አጠገብ ያለው ስልክ ጮኸ። ከአዲሶቹ አንዱ ነው፤ እሱ ራሱ የሰካው።

አባቴ አነሳው። አያቴ ነበረች፣ የእናቴ እናት። የምትኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ቀላል የጉሮሮ ሕክምና ነው ተብሎ ነው የተነገራት፤ ትደንግጥብናለች ብለው። ጆሮዋ ስለደከመ ስልክ ላይ ትጮሃለች፣ ስለዚህ ሁላችንም እንሰማታለን። «እሰይ! እሰይ!» ትላለች። «አሁን በጆሮዬ ሰማኋት እኮ! እንኳን ደህና መጡ አለችኝ። ድምፅዋ እንደ ድሮው ጥርት ብሏል። ግን ምን ቢያስተምሯት ነው እናቷን እርስዎ የምትለኝ? በሉ አገናኙኝ፣ ልቆጣት።»

አባቴ ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ስዊቹን፣ ራውተሩን፣ ፓኬቱን አንድ በአንድ ያስረዳኝ አባቴ አንዲት ቃል አጣ። እናቴ የአልጋውን ብረት በጣቷ አንኳኳችና ወደኔ አመለከተች። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እሷ ደግማ አመለከተች። ስልኩን ሰጠኝ።

«አያቴ» አልኩ።

«አንቺ ለፍላፊ፣ እናትሽን ስጪኝ። አሁን አውርታኛለች።»

«እሱ የተቀዳው ነው አያቴ» አልኳት። «ማሽን ነው። ለሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፤ አንቺ መሆንሽንም አያውቅም።»

ከአፌ ሲወጣ ነው እኔም የሰማሁት። ትናንት ጥርሴን፣ ሒሳቤን የነገርኩት እናቴን አልነበረም። መልስም መንገድ ላይ አልነበረም። እናቴ እዚህ አልጋ ላይ ናት፤ የሆነችውን ሁሉ ሆና፣ ሞቃ፣ በአንገቷ እየተነፈሰች፣ እኔን እያየች። ከዚያ ሁሉ መብራትና ገመድ ይልቅ ይሄ አስደነቀኝ። እንዴት እስካሁን አላየሁትም?

«ታዲያ እሷ የት አለች?» አለች አያቴ። ድምፅዋ አንሷል። «ለምን አታወራኝም? ልጄን ምን አደረጋችሁብኝ?»

«መናገር አትችልም። ድምፅዋ የለም። እዚህ ናት፣ አጠገቤ።»

እናቴ እጄን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። አልገባኝም። ራሴን ነቀነቅኩ። ደገመችው፣ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ከፍታ፣ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል። ሁለት ቃል ነበር። ደግማ ሳትጨርሰው አነበብኩት፤ ልክ እንደሷ፣ ሳልቸኩል ተናገርኩት።

«እማ፣ አለሁ።»

አያቴ ቃሉ የልጇ እንጂ የኔ እንዳልሆነ አወቀች። ስትመልስ መጮኋን ትታ ነበር፤ እንደዚያ በቀስታ ስልክ ላይ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

«ኑሪልኝ ልጄ» አለች።

«ድገሚው አያቴ» አልኩና ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ እናቴ ጆሮ ላይ አደረግኩት።